ይሉኝታ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

«እሱማ ቀደም ብሎ አሞኝ ነበር፤ ልጁን ቅር እንዳይለው ብዬ ቻል አደረግሁት እንጂ።»

እናቴ ይህን ያለችኝ ከክሊኒኩ ወጥተን ራይድ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ ዘና ብላ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አድርጎን ፈገግ አለ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከአሥር ደቂቃ በፊት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጥሩን ሳይ እንባዬ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ ቀን ጉልበቷን ሲጫኗት 2.4 ኪሎ ላይ «በቃ» ያለች ሴት በአሥረኛው ቀጠሮ እስከ 4.1 ኪሎ ችላለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ከመሥሪያ ቤት እያስፈቀድኩ ያመላለስኳት ለዚህ ነበር። ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የምስራቹን ጽፌ ልልክ ነበር፤ አጠፋሁት።

ስለ ጉልበቷ ብዙ አልናገርም፤ እናት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ደረጃ በጎን መውረድ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ «በስመ አብ» ማለት፣ ዝናብ ከሜትሮሎጂ ቀድሞ ማወቅ። ኪኒኑ ጨጓራዋን አቃጠላት፣ ደም ግፊቷንም ከፍ አደረገው፣ ሐኪሟ አስቆማት። ያን ሰሞን ነው አንዲት ባልደረባዬ፣ ለማስተርሱ በሌዘርና በጉልበት ሕመም ላይ ጥናት የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት እንዳለ፣ ተሳታፊዎቹም በነጻ እንደሚታከሙ የነገረችኝ።

«ሊጀምር ነው?»

ሌዘር ስትባል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይቀድዱኛል?» ብላ ነው። እኔም ብረት ከሚቆርጠውና ዐይን ከሚያክመው ሌላ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ለአንገቴ ወስጄዋለሁ፤ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ስለተኛሁ መሣሪያውን እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ሳጥኑ ከትንሽ ሬዲዮ አይበልጥም። ከሱ በሽቦ የወጣች እስክሪብቶ የመሰለች ነገር ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ ታበራለች። ኃይሏ ግማሽ ዋት አይሞላም፤ አታሞቅም፣ አታቃጥልም፣ አትቆረቁርም። የሚፈራላት ዐይን ብቻ ስለሆነ ለሦስታችንም ጥቁር መነጽር ነበረን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከነጠላው ሥር መነጽሩን አድርጋ ስትቀመጥ ፎቶ አነሳኋትና ዱባይ ላለችው እህቴ ላክሁላት። «የማፊያ አለቃ» ብላ መለሰች።

ልጁ (እናቴ አንድም ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «የኔ ልጅ» ብቻ ነው) እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ዙሪያ ቦታ በቦታ እያስደገፈ በሰዓቱ ያዘ። ጨረሰና «አለቀ እማማ፣ ይነሱ» አላት።

«እንዴ! ሊጀምር ነው ብዬ እየጠበቅሁህ።»

ከዚያ የሚቀጥለው ነው ዋናው። ልጁ ከመሳቢያው ሌላ መሣሪያ ያወጣል፤ እጀታ አለው፣ ጫፉ የጣት ጥፍር የምታክል ክብ ላስቲክ ናት፣ ላዩ ላይ ኪሎ የሚያሳይ ቁጥር አለው። የሕመም መለኪያ ነው ይላል። ላስቲኩን ጉልበቷ ጎን ላይ ያደርግና ቀስ እያለ ይጫናል። «እማማ፣ ግፊት ብቻ ከሆነ ዝም ይበሉ። ግፊቱ ወደ ሕመም ሲቀየር፣ ልክ ሲቀየር፣ 'በቃ' ይበሉኝ። እንዲታገሡልኝ አይደለም የምፈልገው።» እናቴም «እሺ የኔ ልጅ» ትለዋለች። እሺ የኔ ልጅ!

የመጨረሻው ቀን ላይ እኔ የተቀመጥኩት ከእግሯ በኩል ነበር። ሲጫናት የእግሯ ጣቶች ተጠቀለሉ። አይቻለሁ። በመሣሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ለማየት ቸኩዬ ስለነበር ግን ምንም አላልኩም። ጣቶቿ ተጠቀለሉ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ «በቃ» አለች። ልጁ ፊቱ በራ። «አዩ እማማ? እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም!» እሷም መረቀችው።

አይጥ ይሉኝታ የላትም

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስልኬን ይዤ ስለ ሌዘር ሳነብ አመሸሁ። ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴዎዶር ማይማን ከበራለት ሰባት ዓመት በኋላ፣ እንድሬ ሜስተር የሚባል የቡዳፔስት ሐኪም ቦስተን ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ ሊደግም ፈለገ። የቦስተኑ ሰው በሌዘር የእንስሳ ዕጢ አቃጥሏል። ሜስተርም አይጦቹን ላጭቶ ሌዘሩን አበራባቸው፤ ዕጢው ምንም አልሆነም። መሣሪያው እሱ ከገመተው በጣም የደከመ ነበር። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ግን አንድ ነገር አየ። የተላጨው ጠጉር ሌዘር ካልነካቸው አይጦች ፈጥኖ አቆጠቆጠ። ቆየት ብሎ ቁስልም ቶሎ ሲድን አየ። ዛሬ ደካማ ሌዘር የሚባለው ሕክምና የተጀመረው ከዚያ ነው፤ ማለትም ሳይሳካ ከቀረ ሙከራ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሜስተርን አይጥ ማንም «እንዴት ነሽ?» አላላትም። ጠጉሯ በቅሏል ወይም አልበቀለም፣ አለቀ። ለሐኪሙ አዝና ጠጉር አታበቅልም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘውም እንዲሁ ነው። ቀዩና ከቀይ ቀጥሎ ያለው የማይታየው ብርሃን ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ላይ እንደሚያርፍ፣ በዚያም ሴሉ ስንቁን በደንብ እንደሚያመርት ይታሰባል። እብጠትና መቆጣት ይቀንሳል፤ ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮችም በአይጦች ላይ ሲታይ መልእክታቸው ይዘገያል። መጠኑ ደግሞ እንደ ወጥ ጨው ነው። ሲያንስ የለም፣ ሲበዛ ያበላሻል።

የእናቴ ሕመም ግን ጠጉር የለውም። ከጉልበቷ ተነስቶ ልጁ ደብተር ላይ እስኪሰፍር ድረስ የሚያልፈው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በአፏ። በዚያ በር ላይ ደግሞ ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ዘበኛ ቆሟል። «እንደምን አደርሽ» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሲያልፍ አይቶ የማያውቅ ዘበኛ። ኦፕሬሽን በተደረገች ማግስት ሊጠይቋት ለመጡ ጎረቤቶች ቡና አልተፈላም ብላ የተቆጣች ሴት ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትለንም እሷው ነበረች፣ ልጆች ሳለን። ለኛ ነበር የምትለው ለካ።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ ሰው ሕመሜ ነው ብሎ የሚናገረው ሊከበርለት ይገባል የሚል ማብራሪያ አክሎበታል። እስማማለሁ። ብቻ የትኛውን ንግግሯን ላክብር? ክሊኒኩ ውስጥ ያለችውን ነው ወይስ ራይድ ውስጥ ያለችውን?

ሁለቱ እስክሪብቶዎች

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ወደ ልጁ ሄድኩ። ልሳለቅበት አልነበረም። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የተሳሳተ ቁጥር ዶሴ ውስጥ ገብቶ ማደሩን ካወቅሁ ምግብ አይወርድልኝም። እንዲህና እንዲህ ብላኛለች አልኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሳቀ።

«እሳቸው ብቻ መሰሉሽ? አንድ አባት እኮ 'ስንት ላይ በቃ ብል ይጠቅምሃል?' ብለው ጠይቀውኛል።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት እስክሪብቶ አወጣ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለቱንም አበራልኝ። ሁለቱም ያንኑ ቀይ ነጥብ አወጡ። «ቀዩ የት ቦታ ላይ እንዳለን ማሳያ ነው። ሕክምናው ዐይን አያየውም። አንዷ የማይታየውን ታወጣለች፣ አንዷ ባዶ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አማካሪዬ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።»

ሁለቱን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ክብደታቸው እንኳ አይለይም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለካ እናቴ የፈረመችበት፣ እኔ ያነበብኩላት ወረቀት ላይ ይህ ተጽፏል፤ «ከተሳታፊዎች ገሚሱ» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። አንብቤላታለሁ። ለሁለታችንም ጆሮ ሳትገባ አልፋለች። ሌሎች ላይ ነው የሚደርሰው ብለን ይሆናል፤ ዕጣ ሲባል ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

«ታዲያ ያ 4.1 ቢዋሽስ?» አልኩት።

«ይዋሽ። ሁለቱም ቡድን ውስጥ እኩል እስከዋሸ ድረስ።»

ይህቺን ሳልሰማት ሃያ ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ ማለት ያሳፍራል። ዓምድ «ሀ» ውስጥ ሌዘር አለ፣ ይሉኝታ አለ፣ በየቀኑ ቁርጭምጭሚት ላይ አንድ ኪሎ ጨው አስረው እግር ማንሳት አለ (ሁሉም ታዝዘዋል፤ እናቴ ጨው አይባክንም ብላ ምስር አሰረች)፣ ጎበዝ ልጅ በሳምንት ሁለቴ ጉልበትን በእጁ መያዙ አለ። ዓምድ «ለ» ውስጥ ከሌዘሩ በቀር ሁሉም አለ። ቀንስ። የሚተርፈው የሌዘሩ ነው። ባዶዋ እስክሪብቶ የተሠራችው ይሉኝታን ለመመዘን ነው ቢባል አልተሳሳቱም።

ሲቀነስ ምን ይተርፋል? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ለጉልበት ብቻ የተደረገ ግምገማ 22 ጥናቶችን፣ 1,063 ሕመምተኞችን ደምሮ አይቷል። ሕመም 100 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ በነጥብ ምልክት ይደረግበታል፤ ከባዶው ብርሃን ጋር ሲተያይ እውነተኛው ሌዘር ነጥቡን በ14 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ታች ስቦታል። መጠኑ በባለሙያዎች ምክር መሠረት በተሰጠባቸው ጥናቶች ልዩነቱ ሰፋ ያለ ነው፤ መጠኑ ባነሰባቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ድምር ሠርቶ ለጉልበት አይረባም ብሎ ነበር፤ የ2019ኞቹ ክርክር እነዚያ መጠኑን ሳይለዩ ደባልቀውታል የሚል ነው። ማስመሪያ አውጥቼ 14 ሚሊ ሜትርን አየሁት። የአውራ ጣቴ ጥፍር ናት። እንደ ሰዉ ነው። ሌሊት ለሚነቃ ሰው የአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ነው፤ በቴሌግራም «ከራስ ምታት እስከ ስኳር» እያሉ ቀይ አምፖል ለሚሸጡት ግን የምትበቃቸው አይመስለኝም።

የራሴም አንገት ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከፍዬ ወስጄ፣ ተሻለኝ ብዬ ግማሹን ቢሮ ልኬያለሁ። ለአንገት ማስረጃው ከጉልበቱ ቀድሞ የመጣ ነው፤ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ግምገማ በ16 ጥናቶችና በ820 ሰዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ለቆየ የአንገት ሕመም ጥቅሙ ሕክምናው ካበቃ በኋላ እስከ 22 ሳምንት እንደሚዘልቅ ጽፏል። ስለዚህ አልዋሸሁም ይሆናል። ግን «ተሻለኝ» ያልኩት ለማን ነበር? ገንዘቡን ላወጣሁበት ለራሴ ነው። ሰው ለራሱም ይሉኝታ አለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት፤ እኔም ለመለየት ቀናት ፈጅቶብኛል። ባዶ ሕክምና ሲያሽል ሁልጊዜ ይሉኝታ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመንጋጋ ጥርስ ለተነቀሉ ሰዎች ባዶ መርፌ ሰጧቸው፤ ከፊሎቹ ተሻላቸው። ከዚያ የሞርፊንን ሥራ የሚያፈርስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት ሲሰጧቸው ያ የተሻላቸው ሕመም ተመለሰ። ሞርፊን ማንም አልሰጣቸውም፤ ይፈርስ የነበረው የገዛ አንጎላቸው የሠራው ነው። ያ ሰው ቢዋሽ ኖሮ በናሎክሶን ውሸቱ አይገለጥም ነበር። እንግዲህ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሕመሙን ራሱን ይቀንሰዋል፤ ሌላው ቃሉን ብቻ ያዘገየዋል። እናቴ ውስጥ ከ2.4 እስከ 4.1 ባለው መካከል ስንቱ የሌዘር፣ ስንቱ የአንጎሏ፣ ስንቱ የምስሩ፣ ስንቱ የልጁ ፊት እንዳይጠቁር የተከፈለ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ጥናቱ የብዙ ሰው አማካይ ያወጣል። የአንዲት ሴት ጉልበት ውስጥ ገብቶ ሂሳቡን አይዘረዝርም።

ማታ ቤት ስገባ እውነቱን ነገርኳት፤ ባዶዋ እስክሪብቶ ደርሳሽ ሊሆን ይችላል አልኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር። አልዞረችም።

«ባዶ ቢሆንማ በዚያኛው ጎኔ እንዴት ተኝቼ አድር ነበር?»

ይህን አላውቅም ነበር። ለልጁም አልነገረችውም፤ ስላልጠየቃት።

ስቅለት

አምና በስቅለት የፕላስቲክ ወንበር ይዘን ሄደን ነበር። ሰው ሲሰግድ እሷ ተቀምጣ ጎንበስ ቀና ስትል ዋለች፤ በዚያ ያዘነችውን ማዘን በጉልበቷ አዝና አታውቅም። ዘንድሮ ወንበሩን ሳነሳ «ተዪው» አለች። አሮጌ ጋቢ አጥፋ ለጉልበቷ ያዘች፣ ሄድን።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከኋላዋ ቆምኩ። ኪርያላይሶኑ ሲጀመር ወረደች። ጉልበቷ ጋቢው ላይ፣ ግንባሯ መሬት። ተነሳች። እንደገና። መጸለይ ሲገባኝ መቁጠር ጀመርኩ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ርግማን ነው። ሠላሳ ገደማ ላይ አፈርኩና ተውኩት። ግን ዐይኔ አላርፍ አለኝ፤ ወደ እግሯ ጣቶች ወረደ። ጫማ አውልቀናል፣ በግልጽ ይታያሉ። ክሊኒኩ ውስጥ ያመለጠኝን ምስክር እዚህ አገኘሁት ብዬ ነበር። አላገኘሁትም። ስትሰግድ የማንም ሰው ጣት ይታጠፋል።

ደግሞስ ባገኘው ምን ይነግረኛል? በዚያ ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ ሕመም እንዲቀንስለት የመጣ ሰው የለም። በአዘቦት ቀን ጉልበቷን እንዳያማት የምትጠነቀቅ ሴት ያን ቀን እንዲያማት ፈቅዳ ነው የወጣችው። መስገዷ ጉልበቷ ለመሻሉ ማስረጃ ይሁን ለእምነቷ፣ ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው ሊለየው አይችልም። ባዶ እስክሪብቶ የለው፣ ዓምድ «ለ» የለው።

ወደ ማታ ለጥብጠባው ተሰለፍን። ቄሱ በወይራው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ ዕድሜዋን አይተው መሰለኝ፣ ከኔ በግማሽ ያነሰ ስግደት አዘዙላት።

«ይጨመርልኝ አባ» አለቻቸው።

ጨመሩላት። ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃውን እንደ ድሮዋ በጎን ነው የወጣችው፤ የጨበጠችው ግን የኔን ክንድ እንጂ ብረቱን አልነበረም። ተሽሏት ይሁን ብረቱ ቀዝቅዟት አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት የምትመልሰውን አውቀዋለሁ።

የልጁ ጥናት ገና አላለቀም። ሲያልቅ ባዶዋ «ሀ» ትሁን «ለ» የተጻፈበት ፖስታ ይከፈታል፤ ባዶዋ የደረሰቻቸው ሰዎች ከፈለጉ እውነተኛውን በነጻ እንደሚያገኙ ነግሮኛል። እናቴ ስለ ፖስታው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው።

«ያ ልጅ ተመረቀ?»

«ገና ነው እማዬ።»

ቁጭ ትልና ጉልበቷን በመዳፏ ታሸዋለች።

«ቁጥሬ አንሶበት እንዳይሆን።»